ኳስ በአንገት የሚጫወቱት ጋሽ ጥላዬ

ጋሽ ጥላዬ ያረፉ ሰሞን የእሑዱ ቡድን ልጆች አንድ ሥራ ሰጡኝ። ፎቷቸውን አትመው በሜዳው መልበሻ ክፍል በር ላይ ሊለጥፉ አስበው ነበርና፣ ከሥሩ የሚሆን ጥቂት መስመር በእንግሊዝኛ እንድጽፍ ጠየቁኝ። «ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽው አንቺ ነሽ፤ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ታውቂያቸዋለሽ» አለኝ ዳዊት በስልክ።

ሦስት ቀን ሞከርኩ። በመጨረሻ የላኩለት ጽሑፍ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን እንደተጫወቱ፣ ለንደን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በመጋዘን እንደሠሩ፣ የሚያውቋቸው ሁሉ እንደሚወዷቸው ይናገራል። ሁሉም እውነት ነው። ግን በሩ ላይ ተለጥፎ ሳነበው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ። አንገታቸው የለበትም።

እስቲ እዚህ በአማርኛ ልሞክር።

እኔና እናቴ ለንደን የገባነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ኪልበርን ውስጥ፣ ከአንድ የስልክ መጠገኛ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲሰጠን ከእኛ ሥር ጋሽ ጥላዬ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ፓርክ ሮያል በሚገኝ የምግብ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዳሉ፤ ከባድ ዕቃ በሁለት ረጃጅም ብረቶች አንስቶ መደርደሪያ ላይ የሚሰቅለውን ያን ትንሽ መኪና። አጭር፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ከፊት የሸሸ ሰው ነበሩ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ «ደህና ዋልሽ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። ዓይናፋር ነበርኩ። አሁንም ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት አንድ እሑድ፣ እናቴ የጋሽ ጥላዬን የጉልበት ማሰሪያ ደረጃው መደገፊያ ላይ እንደተሰጣ አገኘችው።

«ሰውዬው ያለዚህ ከተጫወቱ ነገ ከአልጋ አይነሱም» አለችኝ። «ሮጥ ብለሽ ሜዳው ድረስ አድርሺላቸው።»

በዚያ ሜዳ በየእሑዱ የሚጫወቱት አብዛኞቹ የሃያ ምናምን ዓመት ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ በስደት የመጡ፣ ግማሾቹ ተማሪዎች። ጋሽ ጥላዬ ያኔ ከሃምሳ አልፈዋል። ማሰሪያውን ሰጥቼ ልመለስ ስል ጨዋታው ጀመረ፤ እኔም ሳላስበው ቆምኩ።

የልጆቹ ሁሉ ትንፋሽ ከሩቅ ይሰማል፤ የእሳቸው አይሰማም። አይሮጡም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ኳሷ ወደ እሳቸው ከመምጣቷ በፊት አንገታቸው ይዞራል፤ አንዴ በግራ ትከሻቸው፣ አንዴ በቀኝ ትከሻቸው፣ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ቀና እያለች ዙሪያዋን እንደምታየው። ኳሷ ስትደርስላቸው ደግሞ ቆም ይላሉ። ሌላው ሰው የሚጣደፍበት ቦታ ላይ እሳቸው ይቆማሉ። ሁለት ልጆች ሊነጥቁ ይወረወሩባቸዋል፤ ሲወረወሩ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ይከፈታል፤ ጋሽ ጥላዬ ያኔ ኳሷን እየገፉ ከመንገዱ ማዶ ናቸው። ከኋላ ተነሥተው እንዲህ እያሉ አራትና አምስት ሰው ያልፋሉ፤ ማንንም ሳይነኩ።

«ጋሼ፣ ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው?» አላቸው ዳዊት፣ ካለፉት በኋላ ወገቡን ይዞ። «እኔ ራሴ በኦንላይን አፕላይ ላድርግልዎ?»

«አንተ መጀመሪያ በእግሮችህ መካከል ምን እንዳለፈ አፕላይ አድርገህ እወቅ!»

ሜዳው በሳቅ አለቀ።

ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። ከሰው ተነጥዬ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆሜያለሁ።

«ኳስ ትወጃለሽ?»

«አላውቅበትም ጋሼ።»

«ጥሩ ነው። የማያውቅ ሰው ነው የሚያየው፤ የሚያውቀው ይጮኻል እንጂ አያይም። አንድ ሥራ ልስጥሽ። ኳሷ እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት አንገቴን ስንት ጊዜ እንዳዞርኩ ቁጠሪልኝ። እያረጀሁ ሳልሰንፍ አልቀርም።»

ዓይናፋር ሰው ከሰው መካከል የሚቆምበት ምክንያት ሲያገኝ ያርፋል። በሚቀጥለው እሑድ ደብተርና እርሳስ ይዤ ሄድኩ። ለእያንዳንዷ ኳስ አንገታቸው በዞረ ቁጥር አንድ መስመር አሰምራለሁ። የዚያን ቀን ሁሉም ማለት ይቻላል ሁለት ሁለት ነበር።

«ሁለት ይበቃል» አሉኝ ወረቀቱን አይተው። «አንዱ ለሚያባርረኝ፣ አንዱ ለምሄድበት።»

ከዚያ በኋላ እሑድ ሥራዬ ይህ ሆነ። እሳቸውም በምላሹ ያስተምሩኝ ጀመር። «ኳስን በእግር ይመቱታል፣ በአንገት ይጫወቱታል» ይሉ ነበር። «ክፍተት ከተከፈተ በኋላ ማንም ያየዋል፤ ቁም ነገሩ ሳይከፈት ማየት ነው።»

«ያልተከፈተ ነገር እንዴት ይታያል?»

«ጉልበት እዪ። ፊት ይዋሻል፣ ጉልበት አይዋሽም። ሰው ሊሄድ ወዳሰበበት ቀድሞ የሚዞረው ጉልበቱ ነው።»

ይህን ያሳዩኝ ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርትና ድንች ልንገዛ አብረን ኪልበርን ሃይ ሮድ እንወጣለን። በዚያ ሰዓት የሰው ትከሻ ከሰው ትከሻ ሳይጋጭ አያልፍም። ጋሽ ጥላዬ በሁለት እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለው፣ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ፣ የማንንም ልብስ ሳይነኩ ይሄዳሉ። በዝቅተኛ ድምፅ ይነግሩኛል፦ «ይቺ ስልክ የያዘችው ልትቆም ነው። ሰውዬው መድኃኒት ቤት ይገባል፤ በስተኋላው እንለፍ።» ሴትዮዋ ትቆማለች። ሰውዬው ይገባል። እኔ ከኋላቸው ይቅርታ እየጠየቅሁ እደርሳለሁ።

አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። በውይይት ክፍለ ጊዜ አንድም ቀን ተናግሬ እንደማላውቅ፣ የምለው ነገር እያለኝ ሌሎቹ እንደሚቀድሙኝ ነገርኳቸው።

«ሲናገሩ ምን ታያለሽ?»

«ወረቀቴን።»

«ታዲያ በምን አንገትሽ ትጫወቻለሽ! ቀና በይ። ሰው ንግግሩን ሊጨርስ ሲል ዓይኑ ወደ መምህሩ ይሄዳል፤ ማረፊያ ይፈልጋል። ያኔ ግቢ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ቀና አልኩ። እንዳሉት አንድ ልጅ ዓይኑን ወደ መምህርቷ ሲያነሳ ገባሁ። የተናገርኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጆሮዬ እሳት ሆኖ ነበር። ማታ ደረጃው ላይ ስነግራቸው ፌስታላቸውን መሬት አስቀምጠው አጨበጨቡ። ጭብጨባው ደረጃውን ሞልቶት እናቴ ማን ተጋባ ብላ በር ከፈተች።

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ነው ቁጥሩ መለወጥ የጀመረው። ሁለት ሁለት የነበረው ሦስት፣ ከዚያ አራት ሆነ። እኔ ዕድሜ ሲጨምር ጥበብም ይጨምራል ብዬ በልቤ ኮራሁባቸው። አንድ እሑድ ግን ዳዊት ከግራ በኩል ንጹሕ ኳስ አቀበላቸው፤ ኳሷ እግራቸው አጠገብ አልፋ ወጣች። እግራቸውን እንኳ አላነሱም።

«ጋሼ! እዚሁ ነበርኩ እኮ! እጄን እያውለበለብኩ!»

«አንተ ስትጮህ ነው ንፋሱ የወሰዳት» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

እኔ ወረቀቱን አየሁ። ከዚያች ኳስ በፊት አንገታቸውን አምስት ጊዜ አዙረዋል፤ አራቱ ወደ ግራ። አራት ጊዜ ተመልክተው ዳዊትን አላዩትም።

በዚያው ሳምንት ሃይ ሮድ ላይ ግራ ትከሻቸው አንዲት ሴት መታ። «ሶሪ፣ ሶሪ» አሉ፤ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላም ፌስታላቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመው ቀሩ። በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ሰው ሲነኩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደብተሬን አውጥቼ መስመሮቹን አሳየኋቸው። የድሮውን ገጽ፣ ከዚያ የአሁኑን። «ጋሼ… ዓይንዎን ቼክ ቢያደርጉስ?»

ወረቀቱን ፊት ለፊታቸው አቅርበው ብዙ አዩት። «የገዛ ሥራዬ አጋለጠኝ» አሉ።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ አዘጋጃለሁ ቢላቸው «የራሴ ልጅ አለችኝ» ብለው እኔን ይዘው ሄዱ። አውቶቡስ ላይ እንደ ወትሯቸው አልቀለዱም።

«መጋዘኑ እኮ ሜዳ ነው» አሉኝ። «ሃያ ዓመት አንድ ካርቶን ጥዬ አላውቅም። ሰው ከመደርደሪያ ጀርባ ብቅ ሳይል አውቀዋለሁ። ይህን ከወሰዱብኝ ካርቶን ላይ ወረቀት ስለጥፍ የምውል ሽማግሌ ነኝ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት። እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየች፣ ረጋ ብላ ተናገረች። የሁለቱም ዓይናቸው የጎን እይታ፣ በተለይ የግራው፣ ብዙው ሄዷል። የሄደው አይመለስም። የምታዝላቸው የዓይን ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፎርክሊፍት መንዳት ማቆም አለባቸው፤ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ማለዳ በር አንኳኩተው፣ መጀመሪያ ሰውየውን አስቀምጠው ነው የሚነግሩት። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ በአባቷ ዕድሜ ላለ ሰው፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አረንጓዴ መጋረጃ ሥር አትነግረውም። በኋላ ለራሴ እንዲህ እያልኩ ምክንያት ሰጠሁ። እውነቱ ግን መፍራቴ ነው።

«ጠብታውን ሳያቋርጡ ካደረጉ ባለበት ይቆማል ትላለች» አልኳቸው። «ሥራ ላይ ደግሞ ለጊዜው ጠንቀቅ ቢሉ ጥሩ ነው።»

ሐኪሟን አዩ። እኔን አዩ። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ በያት።» ይህን በትክክል ተረጎምኩላት።

በሚቀጥለው እሑድ ፈተና አለብኝ ብዬ ሜዳ አልሄድኩም። ደረጃው ላይ የእሳቸውን እግር ስሰማ በሬ ጀርባ ቆሜ ድምፁ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። እናቴ «ከጋሽ ጥላዬ ጋር ተኳረፋችሁ እንዴ?» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ዳዊት ስልኬ ላይ ጻፈልኝ፦ «ሰንዴይ ጠፋሽ። ማን ይቁጠርልን?»

ዳዊት የሚሠራው እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። በመደርደሪያዎቹ መካከል በእግሩ እየዞረ የታዘዘ ዕቃ ይሰበስባል። ሁልጊዜ ጆሮው ላይ ሙዚቃ አለ። ስልኬን እንደያዝኩ፣ በጋሽ ጥላዬ ፎርክሊፍት በግራ በኩል ከመደርደሪያ ጀርባ ብቅ ሲል ታየኝ። ኮቴን ለብሼ ወደ ፓርክ ሮያል የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ።

የቀኑ ሺፍት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መጋዘኑ በር ደረስኩ። አጥሩ ውስጥ አንድ ፎርክሊፍት እየጮኸ ወደ ኋላ ሲሄድ አጥሩን ይዤ ተንጠራራሁ። የሚነዳው የማላውቀው ልጅ ነው። ከዚያ ሠራተኞቹ መውጣት ጀመሩ፤ ጋሽ ጥላዬም ቦርሳቸውን አንግተው ብቅ አሉ። እኔ ከበሩ በስተግራቸው፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። አጠገቤ አለፉ። አላዩኝም።

ሐኪሟ የተናገረችውን ያን ጊዜ ነው በደንብ የተረዳሁት።

«ጋሼ።»

አንገታቸው ዞረ። «ሜሮን? ምን ሆንሽ? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እኔ ነኝ… ውሸት ነግሬዎት ነው።»

እዚያው ቆመን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጎን እይታቸው መሄዱን፣ እንደማይመለስ፣ መንዳት ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቆም እንደነበረባቸው፣ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ መባሉን። አንድም ቃል ሳላስቀር። ስጨርስ ዳዊት ከኋላቸው ደረሰ።

«ኦ፣ ቆጣሪያችን መጣች! ጋሼ፣ ሌብሉን እኮ እጅጌዎ ላይ ለጥፈው ነው የወጡት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ካርቶኑንና ራስዎን መለየት አልቻሉም?»

እጅጌያቸው ላይ እውነትም ነጭ ወረቀት አለ። ዳዊት እየሳቀ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። እኔ ወረቀቱን አየሁ፣ ከዚያ ፊታቸውን።

«ከሐኪሟ በተመለስን ማግሥት የፎርክሊፍቱን ቁልፍ አስረከብኩ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎ?»

«‹ስቶፕ› የሚል የአውቶቡስ ደወል በየቀኑ እየተጫንኩ የምወርድ ሰው ነኝ፤ ያቺ ሐኪም ቃሉን ሁለቴ አለችው። ደግሞ ከእሷ በላይ ጉልበትሽ ነግሮኛል። ለእኔ ስትናገሪ ወደ በሩ ዞሮ ነበር።»

አለቀስኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ዘጠኝ ቀን እኮ ነው ጋሼ!»

«ኳሷ አንቺ እግር ላይ ነበረች። ከእግርሽ ብነጥቅሽ መቼ ማቀበል ትለምጃለሽ?» ፈገግ ሊሉ ሞከሩና ተዉት። ሌብሉን ከእጅጌያቸው ላጡ፤ በጣቶቻቸው ጠቀለሉት። «ደግሞ… በአማርኛ ሙሉውን እስክሰማው ድረስ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እል ነበር። ዘጠኝ ቀን እሱን ይዤ ቆየሁ።»

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንሄድ በግራቸው በኩል ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን በሄድን ቁጥር ቦታዬ እሱ ነበር።

ኳሱን አልተዉም። የእሑዱ ልጆች አንድ ሕግ አወጡ፤ ከጋሽ ጥላዬ በስተግራ የሚመጣ ሁሉ ድምፁን ያሰማል። የተቃራኒ ቡድን ልጆች ሳይቀሩ ሊነጥቋቸው ሲመጡ «በግራ ነኝ ጋሼ!» እያሉ ይጮሁ ነበር። እሳቸው ይናደዳሉ፦ «ሊነጥቀኝ የሚመጣ ሰው ራሱን ያስተዋውቃል እንዴ! የእናንተ ነገር!» እንደዚያም ሆኖ እሳቸው ልጆቹን ያልፏቸው ነበር። ያዩትን ያህል ሳይሆን ያስታወሱትን ያህል ይጫወታሉ፤ አንዴ ዞረው ካዩ በኋላ ሁሉም ሰው ከሦስት እርምጃ በኋላ የት እንደሚሆን ያውቃሉ። በኋላ ሲደክሙ ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሌሎቹን አንገት ይቆጥሩ ነበር። ዳዊትን «ዜሮ! ዛሬም ዜሮ!» ይሉታል።

ባለፈው ክረምት ሆዳቸውን አመማቸውና ሆስፒታል ተኙ። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ ልናገር ብሎ መጣ፤ እኔም ከሥራ ተጠርቼ ሄድኩ። አስተርጓሚ እንጥራ ወይ ሲባሉ መልሳቸው የድሮው ነበር።

ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም። ያልኩትን ንገሪያቸው ብሎ ጠበቀ። እናቴ አልጋው ሥር ቆማ ነበር፤ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ያለው ባይገባትም ከፊቴ አውቃለች። በዓይኗ ተይ አለችኝ። ሽማግሌ ይጠራ፣ ነገ ይነገራቸው፣ ማለቷ ነው።

ወንበሬን አነሳሁ። ከበሩ አዙሬ አልጋውን ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ጉልበቴ ፍራሻቸውን እስኪነካ ተጠጋሁ። ጋሽ ጥላዬ ጉልበቴን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ከትራሱ በትንሹ ቀና አደረጉና አንገታቸውን አዞሩ፤ አንዴ በግራ ትከሻቸው፣ አንዴ በቀኝ ትከሻቸው።

ቆጠርኩ። ሁለት ነው።

«በይ አምጪው» አሉኝ።

አንድም ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው።